ስልክም እንደ ዛላ በርበሬ ፈትሾ ነው

ዛሬ ከበርበሬ ዋጋ ወጣ ብለን ስለ ስልክ እናውራ። በርበሬ በረንዳ ላይ ሒሳብ በቴሌብር በሚዘጋበት ዘመን ስልክ የነጋዴው ካዝና ነው፤ እሱ ላይ መሸወድ ያማል።

📌 ዋጋው ለምን ናረ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ100 ብር በላይ ነው። እዚሁ አገር የሚገጣጠመው ቴክኖም ቢሆን ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው።

📌 መካከለኛ ስልክ ስትገዙ ምን ትፈትሻላችሁ?

1. ራም፦ በትልቁ «16 ጂቢ»፣ በትንሹ «8+8» ከተጻፈ እውነተኛው 8 ነው። ቀሪው ከማከማቻው የተበደረ ነው፤ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ እንደተረጨበት በርበሬ ቁጠሩት።

2. ማከማቻ፦ 128 ጂቢ ያዙ። 64ቱን የቴሌግራም ቪዲዮ ብቻውን ይጨርሰዋል።

3. ማሻሻያ፦ ለሳምሰንግ ኤ16 የ6 ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ቃል ተገብቷል። የባንክ መተግበሪያ ለሚጭን ሰው ይሄ ከካሜራ ሜጋፒክስል ይበልጣል።

4. መለያ፦ *#06# ደውሉ፤ የሚመጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ካልገጠመ ተዉት።

📌 ሒሳቡስ? በርበሬን በኪሎ፣ ስልክን በዓመት አስሉ። 20 ሺህ ብር የተገዛ ስልክ 2 ዓመት ብቻ ካገለገለ በዓመት 10 ሺህ ወጣበት ማለት ነው። 30 ሺህ ወጥቶበት 5 ዓመት የቆየው ግን በዓመት 6 ሺህ ነው። ርካሹ የቱ ነው?

ለሚገዛ ወዳጅ ሼር አድርጉለት። መልካም ገበያ!