ስለ ልጅ ስም አወጣጥና ስለ መንግሥት ሥልጣን

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል፣ ለልጅ ስም ማውጣት ቀላል ነገር አለመሆኑን ያስረዳናል። ገንዘብ ቢጠፋ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል፤ በሕፃንነት የተሰጠ ስም ግን ባለቤቱን ዕድሜውን ሁሉ ይከተለዋል፤ ከመቃብርም በላይ ይውላል። ስለዚህ ስም የማውጣት ሥልጣን የወላጅ ብቻ ነው ወይስ መንግሥትም ድርሻ አለው፤ ድርሻውስ እስከ ምን ድረስ ነው የሚለውን ነገር ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን ልንመረምረው አስበናል።

በሌላው ዓለም መንግሥታት በዚህ ነገር እጃቸውን ያገቡት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሕፃኑን ለመጠበቅ ነው። በ1993 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በጃፓን አንድ አባት ልጁን «ሰይጣን» በሚል ቃል ሊሰይም ቢያመለክት፣ ሹማምንቱ በልጁ ላይ መዘባበቻ ይሆንበታል ብለው ተቃወሙት። ሁለተኛው ምክንያት ሕዝቡን በአንድ መልክ ለማስኬድ ነው። በፈረንሳይ በ1803 የወጣው ሕግ፣ ከቅዱሳን መቍጠሪያና በጥንት ታሪክ ከታወቁ ሰዎች ስም በቀር ሌላ እንዳይሰየም ያዝዝ ነበር፤ ወላጆችም ሙሉ ነፃነት ያገኙት በ1993 ነው።

ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ግን ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም፤ የወሎ ታሪክ ከበቂ በላይ ያስተምረናል። በ1870 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ። ከዚያ በኋላም የወሎ እስላም ሹማምንት እንዲጠመቁ፣ እምቢ ያለ ሹመቱን እንዲለቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የክርስትና አባት ሆኑላቸው። ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ትእዛዙን ያልተቀበሉት ግን አንዳንዶቹ ተሰደዱ፤ ሌሎቹም እንደ ሼኽ ጦልሓ ጃዕፈር ያሉትን መሪዎች ተከትለው ተነሡ። በቀን ክርስቲያን፣ በሌሊት እስላም ሆነው የኖሩም ጥቂት አልነበሩም።

ትእዛዙ የሰውየውን ስም ለመለወጥ ቻለ፤ የአባቱን ስም ግን ሊለውጠው አልቻለም። በ1906 ዓመተ ምሕረት የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑት ታላቅ ሰው፣ በታሪክ ሚካኤል ዓሊ ተብለው ይጠራሉ። ፊተኛው ስም ከጥምቀት የመጣ ነው፤ ኋለኛው ከወላጅ የተወረሰ ነው።

ዛሬ በከላላ ደጋ፣ በመካነ ሰላምና ወደ ዓባይ በሚወርደው አገር ለሚያልፍ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በወሎ የራሱ ስም የክርስቲያን፣ የአያቱ ስም የእስላም የሆነ ሰው ሞልቷል፤ እንዲሁም በተገላቢጦሹ። በአንድ ዘር ሐረግ ሁለቱ ሃይማኖት ተዋልደው ስለ ኖሩ፣ ሰው ስሙን ሲጠራ የቤቱን ታሪክ አብሮ ይናገራል። በማስገደድ ከመጣው ስም ይልቅ በመዋለድና በፍቅር የመጣው እንዴት እንደ ጸና በዚህ ይታያል።

የአገራችን ሕግም ከዚህ ወዲያ የያዘው መንገድ የተሻለ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስም የማውጣትን ነገር ለወላጆችና ለዘመዶቻቸው ትቶ፣ ከልጁ ስምና ከአባቱ ስም ጋር የቤተ ሰብ ስም እንዲኖር ደነገገ፤ ሕዝቡ ግን የቤተ ሰብ ስምን ሳይለምደው ቀረ፤ በአባትና በአያት ስም መጠራቱንም አልተወም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ስም ማግኘት የሕፃኑ የራሱ መብት መሆኑን አጸና። በ2004 የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅም፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዘዘ እንጂ የተፈቀደና የተከለከለ ስም ዝርዝር አላወጣም። ምዝገባውም በ2008 መጨረሻ ግድም በመላ አገሪቱ ተጀመረ።

ይህ 90 ቀን ከልማዳችን ጋር የሚጣላ አይደለም። እስላሞች በ7ኛው ቀን ስም ያወጣሉ፤ ክርስቲያኖች ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ያስጠምቃሉ። ስለዚህ ለሴት ልጅ እንኳ ከጥምቀት በኋላ 10 ቀን ይተርፋል። ይሁን እንጂ ሴት አያት በአንድ ስም፣ አባት በሌላ፣ የክርስትና አባት በሦስተኛ ስም የሚጠሩት ልጅ፣ ከመዝገቡ የገባው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ትምህርት ቤት ቢገባ፣ ካደገ በኋላ እኔ እኔ ነኝ ብሎ ምስክር ሲቈጥር ይኖራል። የቤት ስም መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወላጆች ከምዝገባው በፊት ተማክረው በአንድ ስም ይስማሙ፤ አጻጻፉንም ፊደል በፊደል ይመልከቱ።

ለመዝጋቢ ሹማምንትም የምናሳስበው ቃል አለን። ወላጅ የነገራችሁን ስም እንደ ነገራችሁ ጻፉት። የአባት ስም ከልጁ ስም ጋር በሃይማኖት አይገጥምም ብላችሁ አትጠራጠሩ፤ አቃንተንላችኋል ብላችሁም ፊደሉን አትለውጡ። ስም የሚያዋርድ ሆኖ ቢታያችሁ ወላጁን በመልካም ቃል ምከሩት፤ ምርጫው ግን የእርሱ ነው። የመንግሥት ሥራ የወጣውን ስም መጠበቅ ነው፤ ስም ማውጣትማ የቤት ሥራ ነው። ይህ ድንበር በታለፈበት ዘመን የሆነውን ቦሩ ሜዳ አይታዋለች።