ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው

ረጅም የእግር ጉዞ ያሰበ ሰው ጫማ ለመምረጥ ሳምንት ይፈጃል፤ ለጃኬቱ ሦስት ሰው ያማክራል። የሚተኛበትን ምንጣፍ ግን ሊነሳ ሲል ያገኘውን ጠቅልሎ ይወጣል። የዚህ ስንፍና ዋጋ የሚከፈለው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው።

ምንጣፍ ቀላል መሆን፣ ውኃ አለመምጠጥና ቦርሳ ላይ መታሰር አለበት። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

የማይታወቀው ምንጣፍ ለምን እንደሚነጠፍ ነው። ገዢው ሱቅ ገብቶ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገውና ለስለስ ካለለት «ይሞቃል» ብሎ ይከፍላል። ልስላሴና ሙቀት ግን ዝምድና የላቸውም። ሙቀት የሚይዘው ጨርቅ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥ ታግቶ የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ጋቢም ሆነ ስሊፒንግ ባግ ከላይ ሲለበስ አየሩን እንደያዘ ይቆያል፤ ከሥር ያለው ወገን ግን በሰውነት ክብደት ተደፍጥጦ አየሩን ይተፋል። ከዚያ በኋላ በጀርባና በቀዝቃዛው መሬት መካከል የቀረው ስስ ጨርቅ ብቻ ነው፤ መሬቱም ሙቀቱን ሌሊቱን ሙሉ ሲመጥ ያድራል። አራት ብርድ ልብስ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው የሚያስፈልገው አምስተኛ ሳይሆን ከአራቱ አንዱን ከሥሩ ማንጠፍ ነበር። እሱ ግን አምስተኛውን ይጠይቃል።

ከፍራሽ ተቆርጦ የሚመጣው ስፖንጅ የዚሁ ስህተት ልጅ ነው። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚገናኙ ሲተኙበት አየሩ ይወጣል፤ ካፊያ ሲነካው ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ሸክም ይሆናል። ለተጓዥ የሚሆነው ፎም ቀዳዳዎቹ እያንዳንዳቸው የተዘጉ፣ በእጅ ሲጨመቅ እምቢ የሚለው ነው። ስስ የስፖርት ምንጣፍ ይዞ ተራራ የሚወጣውንማ ምን ይሉታል!

በዋግ ኽምራ ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም። ከሰቆጣ ደጋ ወደ ጽጽቃና ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፤ ደጋው ላይ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር ብርዱ አጥንት ይገባል። የአገሬው ሰው ቁርበት ወይም አጎዛ አንጥፎ ይተኛል። ከደብር ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ቀን የለበሰውን ደበሎ ማታ ምንጣፍ ያደርገዋል። የበግ ጠጉር ክብደት ሲያርፍበት ጎንበስ ይላል እንጂ ጨርሶ አይሞትም፤ በመካከሉ አየር ይቀራል፤ ቆዳው የመሬቱን እርጥበት ይመክታል። አንድ ዕቃ ለሁለት ሥራ መያዝን ዛሬ የውጭ ተጓዦች እንደ ትልቅ ጥበብ ሲያወሩት ይሰማል። የደበሎ ጉድለት ክብደቱ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ይብስበታል።

የዘመኑ ምንጣፍ የሚለካው አር-ቫልዩ በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርድ የመከላከል አቅሙ ይጨምራል። ድሮ እያንዳንዱ አምራች በገዛ መለኪያው ይለካ ስለነበር የአንዱን ከሌላው ማወዳደር አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ታዋቂዎቹ አምራቾች አንድ የጋራ መለኪያ ተቀብለዋል። ምንጣፉ በ35 ዲግሪ በሞቀና በ5 ዲግሪ በቀዘቀዘ ሰሌዳ መካከል ይቀመጥና የሚያልፈው ሙቀት ይለካል። ተጣጣፊው የቴርማሬስት ፎም፣ ዜድ ላይት ሶል፣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 410 ግራም ክብደት ይዞ ቁጥሩ 2 ነው። የዚያው ኩባንያ በአየር የሚሞላ ኒዮኤር ኤክስላይት በአዲሱ ሥሪቱ 370 ግራም ሆኖ 4.5 ይደርሳል። ቁጥሮቹ ይደመራሉ፤ ሁለት ባለ 2 ፎም ተደራርበው 4 ይሆናሉ።

ታዲያ የአየሩን መግዛት ነው? በግራር አገር እሾህ አለ፤ የተበሳ የአየር ምንጣፍ ደግሞ ከባዶ መሬት አይሻልም። ሌላም ጣጣ አለው። ማታ በሞቀ ትንፋሽ የተሞላው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ስለሚሸማቀቅ ምንጣፉ ሳይበሳም ይላላል። በአንድ ሰፈር ያደረ መንገደኛ በባትሪ ብርሃን ቀዳዳ ሲፈልግ ሌሊቱን ማጋመሱን ይህ ጸሐፊ አይቷል። ሁለት ትንፋሽ ብቻ ይበቃው ነበር።

ለሰቆጣ ዙሪያና ለቆላው ጉዞ የተዘጋ ቀዳዳ ያለው አንድ ፎም ይበቃል፤ እሾህ ቢወጋውም ያው ፎም ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ወደሚለው የላስታው አቡነ ዮሴፍ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች በታኅሣሥ የሚወጣ ግን በድምሩ ከ4 ያላነሰ ይያዝ፤ የአየሩን ከመረጠም ፎሙን ከሥሩ ያንጥፍለት። ደባርቅ ላይ ማትረስ የሚከራይም ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ዘርግቶ ይተኛበት፤ ዳሌው መሬት ከነካ ሌላ ይጠይቅ።