ራቲ፣ ታቲ፣ ናቲ፦ ድምፅ ሲቀራረብ ትርጉም ለምን ይራራቃል?



የዛሬውን ገለጻ በራሴ ስሕተት ልጀምር። በእንግሊዝ አገር ተማሪ ሳለሁ አማካሪዬ አንድ ቀን ጠዋት «ይቅርታ፣ ዛሬ ትንሽ ራቲ ነኝ» አሉኝ። እኔ ቃሉን የማውቀው ከአሜሪካ መጻሕፍት ነበር፤ በዚያ ያረጀ፣ የተጎሳቆለ ማለት ነው። ስለ ልብሳቸው የተናገሩ መስሎኝ «ኧረ ኮትዎ ምንም አልሆነ» ብዬ ወዲያው የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄዬን አቀረብሁ። በብሪታንያ ግን ራቲ ማለት ነጭናጫ፣ በጥቂቱ የሚቆጣ ማለት ነው። ሰውዬው እያስጠነቀቁኝ ኖሯል። ጥያቄዬ ሳይነበብ ተመለሰ፤ ሁለት ሳምንትም በከንቱ አለፈኝ።

ቃሉ የተገኘው «ራት» ከሚለው ስም፣ ማለትም ከአይጥ ነው። በስሙ መጨረሻ የሚታከለው የ«ኢ» ድምፅ ስሙን ወደ ቅጽል ይለውጠዋል፤ ከእንስሳው የትኛው ነገር እንደሚወሰድ ግን አይናገርም። አሜሪካዊው የአይጥን መልክ፣ ብሪታንያዊው ጠባይዋን ወሰደ ብንል ያስኬዳል። «ካቲ» ከድመት የመጣ ሲሆን በአሽሙር የሚቧጭርን ሰው ወይም አነጋገር ይገልጻል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሴቶች መነገሩ በእኔ ዓይን የቃሉ ነውር ነው። «ባቲ» ደግሞ ወፈፌ ማለት ነው። መነሻውም የአንድን ሰው ጭንቅላት የሌሊት ወፎች በሰፈሩበት የደወል ማማ የሚመስል ፈሊጥ ነው። (የወሎዋ ከተማና ቅኝታችን ከዚህ ነጻ ናቸው።)

ከእንስሳት ወጥተን ወደ ልብስ ስንመጣ፣ ናቲ ኮት ሽክ ያለ፣ ታቲ ኮት ግን የነተበ ነው። በአንድ ፊደል ስሕተት ምስጋና ስድብ ይሆናል። ነገሩን የሚያወሳስበው፣ አሜሪካዊው ራቲ የሚለውን ምንጣፍ ብሪታንያዊው ታቲ ማለቱ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ቃላት በአንድ አገር የተለያዩ፣ በሁለት አገር ዘመዳሞች ናቸው። ምንጣፍ አይቆጣምና በዕቃ ላይ ሲነገር ትርጉሙ አያሻማም። ሰው ግን ሊያረጅም ሊቆጣም ይችላል፤ ያን ጊዜ የተናጋሪውን አገር ማወቅ ግድ ነው።

አንድ ልጨምር። «ግሮቲ» ከ«ግሮቴስክ» ተቆርጦ የወጣ ቃል ነው። በ1964 በቢትልስ «ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት» ፊልም ውስጥ ጆርጅ ሃሪሰን ሲናገረው ትርጉሙን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ነበረበት። ዛሬ ቆሻሻ፣ ደስ የማይል ማለት ነው። አማካሪዬም ከዓመት በኋላ «ግሮቲ ይሰማኛል» ሲሉኝ በዚህ ጊዜ ትርጉሙን ጠየቅሁ። «አሞኛል ማለት ነው» አሉኝ። ይዤው የሄድሁትን ረቂቅ ከቦርሳዬ ሳላወጣ ተመለስሁ።