ባለ ውሃ ክንፍ መንታ ጀልባ፤ የስያሜ ማብራሪያ

«ካታማራን» ከታሚል ቋንቋ የመጣ ቃል ሲሆን ፍችው «የታሰረ እንጨት» ነው። ደንገል ታስሮ የሚሠራውን የጣና ታንኳ ለሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም። ዛሬ ግን ቃሉ ሁለት ቀፎዎች ጎን ለጎን የተጋጠሙበትን ጀልባ ስለሚያመለክት «መንታ ጀልባ» ብንለው ይስማማል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ ለአሜሪካ ዋንጫ የተወዳደሩት መንታ ጀልባዎች ከሥራቸው ክንፍ ነበራቸው። ጀልባው ሲፈጥን ውሃው ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ቀፎውም ከውሃው ይወጣል፤ የውሃው ጉተታ ስለሚቀንስ ፍጥነቱ ይጨምራል። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የሚከብድ በመሆኑ ትንሽ ክንፍ ይበቃል።

ስለዚህ «ተንሳፋፊ» የሚለው ስም አይስማማውም። «በራሪ» ቢባልም ፊልም አንሺው ካሜራውን ወደ ሸራው ብቻ ያነጣጥራል፤ ዋናው ሥራ ግን ከውሃው ሥር ነው። «ባለ ውሃ ክንፍ» የሚለው ይመረጣል። ለጀማሪውም «መቅዘፍ» ሳይሆን «በሸራ መንዳት» ይባል፤ መቅዘፊያ የለውምና።

ሰንጋ ተራ ዛሬ የፎቅ ሰፈር ቢሆንም ስሙ የከብት ገበያውን ያስታውሳል። ስም ከነገሩ ይልቅ ዕድሜ አለውና፣ ሲወጣ ይታሰብበት።