«አቢሲኒያ»፦ አፄ ምኒልክን ወደ ኒው ዮርክ መድረክ ያወጣው ሙዚቃዊ ኮሜዲ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ ብዙ ተመልካች ከነበራቸው ትርኢቶች አንዱ ቮድቪል ሲሆን፣ ይህም ዘፋኙ፣ ዳንሰኛውና ኮሜዲያኑ በየተራ አጫጭር ሥራቸውን የሚያቀርቡበትና በባቡር ከከተማ ከተማ እየዞሩ እንጀራቸውን የሚያበስሉበት የመዝናኛ ንግድ ነበር። የባሃማስ ተወላጁ በርት ዊልያምስና የካንሳሱ ጆርጅ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1893 በሳን ፍራንሲስኮ ተገናኝተው ስም ያተረፉት በዚሁ መድረክ ላይ ነው። ገበያውን ቀድሞ የያዘው ነጮች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው በጥቁሮች የሚያላግጡበት ትርኢት ስለነበር፣ ቀላ ያለው ዊልያምስ ራሱ ያንኑ ጥላሸት ተቀብቶ ዕድለ ቢሱን ሲጫወት፣ ዎከር ደግሞ ሽክ ያለውን ብልጣ ብልጥ ይጫወት ነበር።

ጥንዱ ከዚያ ወደ ሙዚቃዊ ኮሜዲ፣ ማለትም ንግግር፣ ዘፈንና ውዝዋዜ በአንድ ታሪክ ወደሚያያዙበት ተውኔት ተሻግረው፣ በ1903 «ኢን ዳሆሚ»ን በኒው ዮርክና በለንደን አሳዩ። ቀጥሎ የመጣው «አቢሲኒያ» ከዐድዋ ድል ዐሥር ዓመት፣ አሜሪካም ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ከተፈራረመች ሁለት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1906 በማጀስቲክ ቴአትር ተከፈተ። ድርሰቱ የጄሲ ሺፕና የአሌክስ ሮጀርስ፣ ዜማው የዊል ማሪዮን ኩክና የዊልያምስ ነበር። በታሪኩ ሎተሪ የወጣለት አንድ የካንሳስ ሰው ወዳጆቹን አስከትሎ ኢትዮጵያ ይገባል፤ ጓደኛውም በገበያ ዕቃ ሰርቀሃል ተብሎ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይቀርባል። ፍርዱ የሚታወቀው በደወል ምት ብዛት በመሆኑ፣ ጓደኛውን የሚጫወተው ዊልያምስ ቃል ሳይተነፍስ፣ በፊቱና በዓይኑ ብቻ ምቱን እየቆጠረ የሚጠብቅበት ትዕይንት የጥበቡ ማሳያ ሆኖ ይነሣል።

በመድረኩ የታየችው ኢትዮጵያ በአብዛኛው የምናብ አገር መሆኗ አያጠራጥርም። ሆኖም ሳቁ የሚያርፈው ወግ በማያውቁት እንግዶች ላይ ሆኖ ጥቁሩ ንጉሥ ከነክብሩ መታየቱ፣ ለጥቁር ተዋናይ ከቧልት በቀር ብዙ ቦታ ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ ቀላል ነገር አልነበረም። ዎከር በ1909 ታሞ ከመድረክ ሲወርድ፣ በ1911 ከመሞቱም በፊት፣ ዊልያምስ ብቻውን ዚግፌልድ ፎሊስ ወደተባለው የነጮች ታላቅ ትርኢት ገባ፤ ጥላሸቱን ግን እዚያም አልተወም።