የኤሌክትሪክ ስኩተር፦ ቆመው የሚነዱት ወይስ ተቀምጠው የሚነዱት? ልዩነታቸውስ ለምን ያስፈልጋል?

ሞያሌ ላይ መንገዱ ወገን ይቀይራል። በኢትዮጵያ በኩል ቀኙን ይዞ የመጣ አሽከርካሪ ድንበሩን አልፎ ኬንያ ሲገባ ግራውን ይይዛል። ባጃጅ፣ ቦዳ ቦዳ፣ የጭነት መኪና፣ ጋሪና እግረኛ በሚጋፉበት በዚህ ስፍራ ለመሻገር ፈጣን እግርና ንቁ ዓይን ያስፈልጋል። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ግን ምን ያድርግ?

ጥያቄው ዛሬ ከቀድሞው በተለየ ሁኔታ ይነሳል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ አዙራለች። በኬንያም ባትሪያቸው እየተቀየረ የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ቦዳ ቦዳዎች በናይሮቢ ጎዳናዎች ላይ የተለመዱ ሆነዋል። ከትልልቆቹ ተሽከርካሪዎች ጋር ትንንሾቹም እየመጡ ነው። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ በአንድ ስም "ስኩተር" ይባላሉ፤ የተሠሩለት ዓላማ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

አንደኛው ወጣቶች ቆመው የሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ነው። ሁለተኛው መቀመጫ፣ የእጅ መደገፊያና ሦስት ወይም አራት ጎማ ያለው፣ መራመድ ለሚያቅታቸው ሰዎች የተሠራ መንቀሳቀሻ ነው። ሁለቱን ማምታታት ገንዘብ ያባክናል፤ አንዳንዴም አካል ያጎድላል።

አሠራራቸው በምን ይለያል?

ቆመው የሚነዱት ስኩተር ቀላል ነው። አብዛኞቹ ከ12 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ታጥፈው በእጅ ይያዛሉ፤ ፍጥነታቸው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚዛኑን የሚጠብቀው ማሽኑ ሳይሆን ነጂው ነው። ሁለት ጤነኛ እግር፣ የሚታዘዝ ወገብና ፈጣን ምላሽ ይጠይቃል።

ተቀምጠው የሚነዱት በአንጻሩ ሚዛኑን በራሱ ይጠብቃል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ሲሆን፣ ፍጥነቱ ከእግረኛ እርምጃ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ነጂው እጀታውን ሲለቅ ሞተሩ ይቆማል፣ ፍሬኑም በራሱ ይይዛል። ይህ አሠራር እጁ ለደከመ ወይም ድንገት ሕመም ለሚሰማው ሰው ታስቦ የተሠራ ነው።

ስለዚህ "የትኛው ይበልጣል?" የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስኬድም። "ለማን፣ በየትኛው መንገድ ላይ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መንገዱ ምን ይላል?

ቆመው የሚነዱት ስኩተሮች ጎማ ዲያሜትሩ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትልቅ ጎማ ጉድጓድን ተሻግሮ ያልፋል፤ ትንሹ ግን ይወድቅበታል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ተይዞ ሲቆም የነጂው አካል ወደፊት መሄዱን ይቀጥላል። በእነዚህ ስኩተሮች የሚደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ጭንቅላትን፣ ፊትንና የእጅ አንጓን የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የራስ ቁር አስፈላጊነቱም ከዚህ ይመነጫል።

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የተሠሩት ለስላሳ የብስክሌትና የእግረኛ መንገዶች ለእንዲህ ዓይነቱ ጎማ ይመቻሉ። ናይሮቢን ከሞያሌ የሚያገናኘው አስፋልትም እንዲሁ ለስላሳ ነው፤ ሆኖም የከባድ መኪኖች መንገድ በመሆኑ ለስኩተር አስተማማኝ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ባስጠለለችው ዋልዳና እንደ እርሷ ባሉ የሰሜን ኬንያ መንደሮች ደግሞ፣ ከአስፋልት ሲወጡ የሚጠብቀው አሸዋ፣ ጠጠርና አቧራ ነው። እዚያ ትንሽ ጎማ ያለው ስኩተር ጥቅሙ እጅግ የተወሰነ ነው።

ተቀምጠው የሚነዱትም ከዚህ ችግር ነጻ አይደሉም። ባለ ሦስት ጎማው በጠባብ ቦታ በቀላሉ ይዞራል፤ በተዳፋት ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ግን ሊገለበጥ ይችላል። ባለ አራት ጎማው የበለጠ ይረጋጋል፤ ለመዞር ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ለገጠር መንገድ ጎማው ሰፊና አየር የሚሞላ፣ ከመሬት ያለው ከፍታም በቂ የሆነውን መምረጥ ይገባል።

ባትሪውስ?

የባትሪን አቅም ማስላት ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፔር ሰዓት ማባዛት ይበቃል። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት ያለው የቁም ስኩተር 360 ዋት ሰዓት ይይዛል። እያንዳንዳቸው 12 ቮልትና 40 አምፔር ሰዓት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች ያሉት ተቀማጭ መንቀሳቀሻ ደግሞ 960 ዋት ሰዓት ይይዛል። ይህም አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ክፍያው ከባድ ሸክም አይደለም።

ሸክም የሚሆነው ባትሪውን መተካት ነው። ብዙ ተቀማጭ መንቀሳቀሻዎች የሚጠቀሙበት የእርሳስ ባትሪ ሙቀት ይጎዳዋል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ይገመታል። ባዶውን ለረጅም ጊዜ ማቆየትም ይገድለዋል። በኬንያ በኩል ያለችው ሞያሌ ለዓመታት ኤሌክትሪክ ያገኘችው ከኢትዮጵያ በኩል ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚኖር ሰው መብራት በመጣ ጊዜ ሁሉ መሙላትን ልማድ ቢያደርግ ይጠቀማል።

የቁም ስኩተሮች የሚሠሩበት ሊቲየም ባትሪ ቀላልና ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ነገር ግን የተጎዳ ወይም ከራሱ ባልሆነ ቻርጀር የሚሞላ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በመኝታ ክፍል ውስጥና በመውጫ በር አጠገብ አለመሙላት ቀዳሚው ጥንቃቄ ነው።

ሕጎች ለምን ይለዩዋቸዋል?

ልዩነቱን በግልጽ ካሰፈሩት አገራት አንዷ ሲንጋፖር ናት። በዚያ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከኅዳር 2019 ጀምሮ ቆመው የሚነዱት ስኩተሮች ከእግረኛ መንገድ ታግደዋል፤ መራመድ ለሚቸገሩ ሰዎች የተሠሩት መንቀሳቀሻዎች ግን እንዲሄዱበት ተፈቅዷል። በብሪታኒያም በግል የተገዛን የቁም ስኩተር በሕዝብ መንገድ ላይ መንዳት የተከለከለ ሲሆን፣ የአካል ጉዳተኞች መንቀሳቀሻ በሰዓት እስከ 6.4 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በእግረኛ መንገድ ላይ መሄድ ይችላል።

በፓሪስ በሚያዝያ 2023 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የኪራይ ስኩተሮችን ተቃውመዋል፤ የመራጩ ቁጥር ግን ከ8 በመቶ በታች ነበር። ስኩተሮቹ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ከጎዳናው ተነስተዋል። ነዋሪዎችን ካማረሩት ነገሮች አንዱ በእግረኛ መንገድ ላይ ተጥለው መገኘታቸው ነበር። ለዓይነ ስውርና በዊልቸር ለሚሄድ ሰው እንዲህ ያለው ስኩተር መንገድ የሚዘጋ እንቅፋት ነው።

ከውጭ አገር ለዘመዶቻቸው ይዘው መምጣት ለሚሹ ኢትዮጵያውያን የአቪዬሽን ደንቡም ልዩነት አለው። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ ያለው የቁም ስኩተር በመንገደኛ ሻንጣነት አይፈቀድም። ለአካል ጉዳተኛ መንገደኛ መንቀሳቀሻ ግን ሰፋ ያለ ፈቃድ አለ፤ አስቀድሞ አየር መንገዱን ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የጎደለው ምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ 80 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ዊልቸር ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት እንደየአገሩ ከ5 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው። በኬንያና በዩጋንዳ ድንበር ላይ ባለችው ቡሲያ አካል ጉዳተኞች በእጅ በሚሽከረከር ባለ ሦስት ጎማ ዕቃ እያሻገሩ ይተዳደራሉ። መንቀሳቀሻ ለእነዚህ ሰዎች እንጀራ ነው።

የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ለአካል ጉዳተኞች በሁሉም ስፍራ የመግባት፣ የሕዝብ ትራንስፖርት የመጠቀምና መገልገያ መሣሪያ የማግኘት መብት ይሰጣል። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። በወረቀት ላይ ያለው መብት መሬት ላይ የሚፈተነው ግን ተዳፋት መወጣጫ በሌለው ደረጃ፣ ጋሪ በቆመበት የእግረኛ መንገድና መለዋወጫ በማይገኝበት ከተማ ነው።

በመሆኑም ከመግዛት በፊት አራት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ የሚነዳው ሰው ያለ ድጋፍ መቆም ይችላል? የዕለት መንገዱ ምን ዓይነት ነው? ባትሪውና ጎማው ቢበላሽ በቅርብ የሚጠግነው ማን ነው? የአካባቢው ትራፊክ ፖሊስስ ይፈቅደዋል? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ "አይችልም" ከሆነ፣ የቁም ስኩተሩ ዋጋ የቱንም ያህል ቢረክስ ለእርሱ አይሆንም።