መምህራንን እናበርታ



በፔታሕ ቲክቫ ነር ዔጽዮን የተባለ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የቤተ እስራኤል ልጆች ነበሩ። ወላጆች ልጆቻችን ለብቻ አይማሩም ብለው ድምፃቸውን ስላሰሙ በ2015 ተዘጋ፤ ተማሪዎቹም በከተማው ሌሎች ትምህርት ቤቶች ተደለደሉ። ለውጡ ተገቢ ነበር። ነገር ግን የለመዱትን ልጅ መሸኘትም ሆነ አዲሱን መቀበል ለመምህራን ቀላል አይደለም።

በክፋር አቭራሃም አዲስ የገባችሁ ወላጆች ሆይ፣ በኢትዮጵያ ልጁን ለመምህሩ አደራ ሰጥተን ዝም እንል ነበር። ዝምታችን አክብሮት ነበር። እዚህ ግን እንደ ቸልታ ሊቆጠር ይችላል፤ መምህሯም ብቻዋን የቀረች ይመስላታል። ስለዚህ ወደ ወላጆች ስብሰባ እንሂድ። ልጃችንን አስተርጓሚ አናድርገው፤ ሌላ አስተርጓሚ እንጠይቅ። ስትደክም ላየናት መምህርት «ቶዳ» እንበላት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና አንድ አንድ እናንሳላት እንላለን።